ወንዙ የመሰከረበት ሰው

እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ጀርመን በምትገኘው በሐኖቨር ከተማ፣ ሄረንሀውዘን በሚባለው ሰፈር በላይኔ ወንዝ ዳር የሚጫወቱ ልጆች አንድ የሰው ራስ ቅል አገኙ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከ12 ቀን በኋላ በዚያው ወንዝ ሁለተኛ ቅል ተገኘ። ጁን 13 ቀን ደግሞ ሁለት ተጨመሩ። የከተማው ፖሊስ መጀመሪያ ላይ ነገሩን የሕክምና ተማሪዎች ቀልድ፣ አለዚያም መቃብር የሚዘርፉ ሰዎች የጣሉት ቅሪት አድርጎ ገመተው። ሐኪሞች ሲመረምሩት ግን ቅሎቹ የወጣቶች መሆናቸው፣ ከአካላቸው የተለዩትም በስለት መሆኑ ታወቀ።

ሕዝቡ የፖሊስን ግምት አምኖ ቤቱ አልተቀመጠም። ጁን 8 ቀን፣ የጰራቅሊጦስ በዓል ዕለት፣ በመቶ የሚቆጠሩ የከተማው ነዋሪዎች በወንዙ ዳርና በአሮጌው ከተማ ዙሪያ ተሰማርተው ፈለጉ፤ የሰው አጥንትም አገኙ። ከዚህ በኋላ ፖሊስ የወንዙን ውኃ አስገድቦ አልጋውን አስፈተሸ። ከጭቃው ውስጥ ከ500 የሚበልጡ አጥንቶችና የአጥንት ስብርባሪዎች ወጡ። ሐኪሞች አገጣጥመው ሲቆጥሩ የ22 ሰዎች ቅሪት ለመሆኑ ማረጋገጫ ሰጡ። ይህም ቢያንስ ነው።

ወንዙ ምስክርነቱን በዚህ ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ መናገር የነበረባቸው ሰዎች ናቸው፤ የታሪኩም ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ገዳዩ ማንም የማያውቀው፣ ከጨለማ ወጥቶ ወደ ጨለማ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ስሙ ፍሪትስ ሐርማን ይባላል። የከተማው ፖሊስ ያውቀዋል፤ ወደ ጣቢያው ሲመጣ በር ይከፍትለታል፤ የሚያመጣውን ወሬ ተቀብሎ ይመዘግባል።

ነገሩ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት አስቀድሞ ዘመኑን መመልከት ያሻል። አንደኛው የዓለም ጦርነት በኖቬምበር 1918 ሲያበቃ ጀርመን የተሸነፈችና የተራበች አገር ነበረች። ከጦር ግንባር የተመለሰው ወታደር ሥራ አጣ፤ አባቱ በጦርነት የሞተበት ልጅ አሳዳጊ አጣ። በጃንዋሪ 1923 የፈረንሳይና የቤልጂግ ጦር የሩርን የኢንዱስትሪ አውራጃ ሲይዝ፣ መንግሥት በተቃውሞ ሥራ ያቆሙትን ሠራተኞች ለመደጎም ገንዘብ ያለ ልክ አሳተመ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር አንድ የአሜሪካ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ተመነዘረ። ጧት የተቀበሉት ደመወዝ ማታ ዳቦ የማይገዛበት፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባ በአንድ ሳምንት ወረቀት ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ሥጋ በጥቁር ገበያ ይሸጣል፤ የተለበሰ ኮትና ጫማ እንደ ወርቅ ይፈለጋል፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሐኖቨር ከ400 ሺህ በላይ ሕዝብ የሚኖርባት፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱ የባቡር መስመሮች የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። ዋናው ባቡር ጣቢያ ሌሊቱን በሰው የተሞላ ነው። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የወጣው፣ ከእንጀራ አባቱ የሸሸው፣ ባቡር ያመለጠው፣ ማደሪያ የሌለው ወጣት ሁሉ በመንገደኞች መቆያ አግዳሚ ላይ ይተኛል። እንዲህ ያለው ልጅ አንድ ቀን ከአግዳሚው ላይ ቢጠፋ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል ከማለት በቀር ነገሬ የሚለው አልነበረም።

ፍሪትስ ሐርማን የተወለደው በዚያችው በሐኖቨር፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1879 ነው። አባቱ በባቡር ላይ የከሰል እሳት የሚያነድ ሠራተኛ ሲሆን፣ እሱ ከስድስት ልጆች የመጨረሻው ነበር። ከአባቱ ጋር ከልጅነቱ ጀምሮ የተጣላ፣ ለእናቱ ግን የሚሳሳ ልጅ እንደነበር ተጽፏል። በ1895 ወታደር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ገባ፤ ራሱን የሚያስት ሕመም ተነሣበትና ወጣ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ትንንሽ ልጆችን በማባለግ ተከሶ ሂልደስሃይም ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ተላከ። ሐኪሞች የማይድን በሽተኛ ነው ብለው ጻፉ። እሱ ግን አምልጦ ወደ ስዊዘርላንድ ኮበለለ። ሲመለስ በ1900 በወታደርነት ተቀጠረ፤ ለሁለት ዓመት ያህልም ሲያገለግል ታዛዥና ጎበዝ ወታደር ተባለ። ከዚያ እንደገና በሽተኛ ነህ ተብሎ ከጡረታ አበል ጋር ተሰናበተ። ቀጥሎ ያለው ዘመኑ በስርቆት፣ በማታለልና በእስራት ያለፈ ነው። ጦርነቱ ሲካሄድ እስር ቤት ነበር፤ የተፈታው በ1918 ነው።

ይህ ሰው በአንደኛው መሥሪያ ቤት ፋይል እብድ፣ በሁለተኛው ጤነኛ፣ በሦስተኛው ወንጀለኛ ተብሎ ተጽፏል። ፋይሎቹ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። ከእስር ሲፈታ ደግሞ አራተኛ ፋይል ተከፈተለት፤ ይኸውም የፖሊስ ጆሮ ጠቢነት ነው። የከተማው ፖሊስ ቁጥሩ ትንሽ፣ ደመወዙም ዝቅተኛ ነበር። ሌቦችንና የተሰረቀ ዕቃ ነጋዴዎችን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ሐርማን ደግሞ ራሱ የሰልባጅና የሥጋ ነጋዴ በመሆኑ ገበያውን ያውቃል። ተፎካካሪዎቹን እየጠቆመ ያሲዛል፤ በምላሹ የእሱን ንግድ ዐይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ዐይን ያገኛል። ኋላም ከአንድ ጡረታ ከወጣ የፖሊስ ሹም ጋር የግል ምርመራ ድርጅት አቋቁሞ መታወቂያ ያዘ። በባቡር ጣቢያው ያሉ ሰዎች መርማሪ እያሉ ይጠሩት ጀመር። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ለሐርማን ቁርበት የተነጠፈለት ግን በሚያውቁት አገር ነው።

በኋላ በክሱ ከተዘረዘሩት ሟቾች የመጀመሪያው፣ የ17 ዓመት ወጣት፣ የጠፋው በሴፕቴምበር 1918 ነበር። ጓደኞቹ ልጁ ከማን ጋር ይታይ እንደነበር ያውቁ ስለነበር ለቤተሰቡ ተናገሩ፤ ቤተሰቡም ፖሊስን ወጥሮ ያዘ። ፖሊሶች የሐርማንን ክፍል ድንገት ሰብረው ሲገቡ ከአንድ የ13 ዓመት ልጅ ጋር አገኙት። በልጁ ላይ በፈጸመው በደል ዘጠኝ ወር ተፈረደበት። ክፍሉን ግን በሚገባ አልፈተሹም። በፍለጋው ሰዓት የሟቹ ራስ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከምድጃው ኋላ እንደነበር ሐርማን ራሱ ከዓመታት በኋላ ተናግሯል።

ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ሊቀር ይችል ስለነበር ነው። በክሱ ከተዘረዘሩት 27 ወጣቶች 26ቱ የጠፉት ከፌብሩዋሪ 1923 እስከ ጁን 1924 ባሉት 16 ወራት ውስጥ ነው። ታናሹ 10 ዓመቱ፣ ታላቁ 22 ዓመቱ ነበር። ሁሉም ቤት የለሽ አልነበሩም። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ፣ ሙያ የሚለማመዱ፣ እናታቸው ራት አቅርባ የምትጠብቃቸው ልጆችም ነበሩባቸው።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ የሐርማን አያያዝ ለስላሳ ነበር። ሌሊት በመንገደኞች መቆያ እየተዘዋወረ ወረቀት ይጠይቃል። የደነገጠውን ልጅ ያረጋጋዋል፤ ሲጋራ ይሰጠዋል፤ የሚበላና የሚተኛበት ይሰጠዋል፤ ሥራ እንደሚያስገኝለትም ቃል ይገባለታል። ልጁ መታወቂያ የያዘ ሰው ስለሆነ ያምነዋል። ከዚያም በአሮጌው ከተማ፣ ከላይኔ ወንዝ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ሰገነት ይወስደዋል። በደል ከፈጸመበት በኋላ አንቆና ጉሮሮውን ነክሶ ይገድለዋል። አስከሬኑን ቆራርጦ ወደ ወንዙ ይጥላል፤ ልብሱን ይሸጣል ወይም ይሰጣል። የሟቾቹ ሥጋ በገበያ ተሽጧል የሚለው ወሬ በከተማው ሁሉ ተናፍሶ ነበር፤ ነገር ግን አልተረጋገጠም።

በዚያው ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሌሊት የመቆራረጥ ድምፅ ይሰሙ ነበር። የተሸፈነ ባልዲ ይዞ ሲወርድ ያዩታል። ወጣቶች ሲገቡም ያያሉ። ነገር ግን ሰውየው ሥጋ ነጋዴ ነው፤ ሥጋውም ርካሽ ነው፤ ከዚህም በላይ የፖሊስ ወዳጅ ነው። በተራበ ዘመን ርካሽ ሥጋ የሚሸጥን፣ በዚያም ላይ ከፖሊስ ጋር የሚውልን ሰው የሚጠይቅ ጎረቤት አይገኝም። ፍርሃትና ጥቅም አንድ ላይ ሲመጡ ጆሮን ይደፍናሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ሀንስ ግራንስ የሚባል ወጣት ነበር። በ1919 ከሐርማን ጋር ተዋውቆ አብሮት ይኖር፣ ከሚሸጠው ልብስም ይጠቀም ነበር። ምን ያህል ያውቅ ነበር የሚለው ጥያቄ ችሎቱን ካስጨነቁት አንዱ ሆነ።

አንጥንቶቹ ከወንዝ ሲወጡ የሐርማን ስም እንደገና ተነሣ። የሐኖቨርን ፖሊሶች ሁሉ ስለሚያውቃቸው፣ እሱን የሚከታተሉ ሁለት ወጣት ፖሊሶች ከበርሊን መጡ። ክትትሉ የተጀመረው ጁን 18 ቀን ነው። በክሱ የመጨረሻ የሆነው የ17 ዓመት ወጣት ግን ከአራት ቀን በፊት ጠፍቷል፤ ይህም አራቱ ቅሎች በፖሊስ እጅ ከገቡ በኋላ መሆኑ ነው። ጁን 22 ለ23 አጥቢያ ሌሊት ሐርማን በባቡር ጣቢያው ከአንድ የ15 ዓመት ልጅ ጋር ሲጨቃጨቅ ታየ። በሥልጣኑ ከመተማመኑ የተነሣ ልጁን ራሱ ወደ ፖሊስ ወስዶ በሐሰተኛ ወረቀት ይጓዛል፣ እሰሩት አለ። ልጁ ግን ሐርማን ለቀናት ቤቱ አስቀምጦ የፈጸመበትን በደል ተናገረ። የታሰረው ሐርማን ሆነ። ለዓመታት ጥላ የሆነለት መታወቂያ በመጨረሻ አሳልፎ የሰጠው በዚህ ዓይነት ነው።

በክፍሉ ውስጥ ብዙ የደም ነጠብጣብ ተገኘ። የሥጋ ነጋዴ ነኝ፣ ምን ይደንቃል አለ። ምርመራውም በዚሁ ሊቆም ይችል ነበር። የጀመረውን የጨረሱት ወላጆች ናቸው። ከሐርማን ቤትና ከእሱ ገዝተው ከነበሩት ሰዎች የተሰበሰበው በመቶ የሚቆጠር ልብስ በፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተዘረጋ። ልጅ የጠፋባቸው እናቶችና አባቶች ከየአገሩ በባቡር እየመጡ በልብሱ መካከል ተመላለሱ። እናት ልጅዋን ከቅል አትለየውም፤ የተጠቀመችውን እጅጌና የደረበችውን ቁልፍ ግን አትስተውም። ጁን 29 ቀን ከሐርማን ቤት የተገኘ ልብስ፣ ጫማና ቁልፍ ከሁለት ወር በፊት የጠፋ የ18 ዓመት ወጣት መሆኑ ታወቀ። ሐርማን ከዚህ በኋላ መናዘዝ ጀመረ። የገደላቸውን ቁጥር ግን ራሱም በትክክል አልተናገረም።

በነሐሴና በመስከረም ግድም ጌቲንገን ላይ ኤርንስት ሹልትሰ የተባለ የአእምሮ ሐኪም መርምሮት በሥራው የሚጠየቅ ነው ሲል ደመደመ። ችሎቱ በሐኖቨር ዲሴምበር 4 ቀን 1924 ተጀመረ። ወደ 190 የሚጠጉ ምስክሮች ቀረቡ። ተከሳሹ በችሎቱ ፊት ይቀልዳል፤ የሟቾችን ፎቶግራፍ ሲያሳዩት አንዱን አዎን፣ ሌላውን አይደለም ይላል። በዚያ አዳራሽ ሐዘን የለበሱት እናቶች ከፊቱ ተቀምጠው ያዳምጡታል።

በጋዜጠኞች መቀመጫ ላይ ከነበሩት አንዱ ቴዎዶር ሌሲንግ ነው። ሌሲንግ በ1872 በሐኖቨር ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በከተማው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፍልስፍና የሚያስተምር ጸሐፊ ነበር። ሌሎች ዘጋቢዎች የገዳዩን አስፈሪነት ሲጽፉ እሱ የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ይህን ሰው ማን ሾመው? መታወቂያውን ማን ችላ አለለት? ወላጆች ሲያመለክቱ ማን መለሳቸው? ችሎቱ ሐርማንን እንጂ ፖሊስን አልከሰሰም፤ ስለዚህ ጥያቄው አልተወደደም። ሌሲንግ ችሎቱ ሳያልቅ የዘጋቢነት ፈቃዱን ተነጥቆ ከአዳራሹ እንዲወጣ ተደረገ። እሱ ግን ዝም አላለም፤ በ1925 ታሪኩን ሙሉ በሙሉ የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የብዙዎች መሆኑን በመጽሐፉ አስረዳ።

ዲሴምበር 19 ቀን ፍርዱ ተሰጠ። ሐርማን በ24 ሰዎች ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ሞት ተፈረደበት፤ በቀሩት ሦስቱ ነጻ ተባለ። ኤፕሪል 15 ቀን 1925 በሐኖቨር እስር ቤት በጊዮቲን አንገቱ ተቆረጠ። ግራንስም በአንዱ ግድያ አነሣሽ ነው ተብሎ ሞት ተፈርዶበት ነበር። ይሁን እንጂ ሐርማን ከመሞቱ በፊት የግራንስን ንጹሕነት የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ መንገድ ላይ ጥሎት ስለተገኘ ጉዳዩ እንደገና ታየ፤ በጃንዋሪ 1926 ፍርዱ ወደ 12 ዓመት እስራት ተለወጠ።

ገዳዩ ሞተ፤ ዘፈኑ ግን ቀረ። ሕዝቡ በዘመኑ ከታወቀው የቫልተር ኮሎ የኦፔሬታ ዜማ ላይ ቃሉን ለውጦ በሐርማን ስም የሚያስፈራራ ግጥም አወጣበት፤ ልጆችም በየግቢው እየዘፈኑ ተጫወቱበት። የፊልም አዘጋጁ ፍሪትስ ላንግ በ1931 «ኤም» የተባለውን ፊልሙን የከፈተው በዚህ ዓይነት ትዕይንት ነው፤ ልጆች በድሆች መኖሪያ ግቢ ክብ ሠርተው ስለ ነፍሰ ገዳይ እየዘፈኑ ይጫወታሉ፤ አንዲት እናት ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጇን በተዘጋጀ ማዕድ ትጠብቃለች፤ ልጅቷ አትመጣም። ላንግ የወሰደው ከአንድ ወንጀል ብቻ አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት ጀርመንን ያስደነገጡ ሌሎች ነፍሰ ገዳዮችም ነበሩ። የፊልሙ ኃይል ግን ደም ከማሳየት አልመጣም። ባዶ ወንበርና ያልተነካ ሳህን በማሳየቱ ተመልካቹን ከእናቲቱ ጋር አስጠበቀው። በ1995 ደግሞ የሹልትሰ የምርመራ ቃለ ጉባኤ መሠረት የሆነው «ዴር ቶትማኸር» የተባለ ፊልም ወጣ። በአንዲት ክፍል ውስጥ የሚጠይቅና የሚመልስ ሰው ብቻ አቅርቦ፣ ገዳዩ አውሬ ሳይሆን የሚስቅ፣ የሚቀላምድ፣ የሚያለቅስ ሰው እንደነበር አሳየ።

ሌሲንግስ? በኤፕሪል 1925፣ ሐርማን በተገደለበት ወር፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውን ፊልድ ማርሻል ሂንደንቡርግን የሚተች ጽሑፍ አወጣ። በከተማው ያሉ ብሔርተኛ ተማሪዎች ተነሡበት፤ ትምህርቱን አወኩበት፤ በ1926 ከማስተማር እንዲርቅ ተደረገ። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ወደ ቼኮስሎቫኪያ ተሰደደ። በዚያው ዓመት ኦገስት 30 ቀን ማሪየንባድ በተባለችው ከተማ በሥራ ክፍሉ ተቀምጦ ሳለ የናዚ ነፍሰ ገዳዮች በመስኮት ተኩሰው መቱት፤ በማግሥቱ ሞተ። ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በፊት መታወቂያ የያዘ ገዳይ ማን ፈቀደለት ብሎ የጠየቀውን ሰው የገደሉት፣ መንግሥት የሚከላከልላቸው ገዳዮች ናቸው።

የሐርማን ራስ ለምርምር ተብሎ በጌቲንገን የሕክምና ትምህርት ቤት ለዘጠኝ አሥርት ዓመታት ያህል በብርጭቆ ተቀምጦ ነበር፤ የተቃጠለው በ2014 ነው። ብዙዎች የክፋትን ምሥጢር በዚያ አንጎል ውስጥ እናገኛለን ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ይህን ታሪክ ለሚያስተምርም ሆነ ለመድረክ ለሚያዘጋጅ ሰው ያለው ፈተናም ይኸው ነው። ዐይን ወደ ገዳዩ ይሳባል፤ አስፈሪነቱም ተመልካች ይሰበስባል። ተመልካቹ እንደዚህ ያለ አውሬ እኔ ዘንድ የለም ብሎ ተጽናንቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሰገነቱ ሥር ያለው ጎረቤት፣ ማመልከቻ የሚቀበለው ጸሐፊ፣ ከምድጃው ኋላ ያልተመለከተው ፖሊስ ከመድረኩ ከቀሩ ግን ታሪኩ አልተነገረም፤ ተድበስብሷል።

ከወንዙ የወጡት አጥንቶች በ1925 በሐኖቨር ሽቶከን መካነ መቃብር በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ማን የማን እንደሆነ ለመለየት ስላልተቻለ ወላጆች በአንድ መቃብር ላይ አብረው አለቀሱ፤ በኋላም የልጆቻቸው ስም የተቀረጸበት ሐውልት ቆመ። ገዳዩ የፖሊስ ወዳጅ በነበረ ጊዜ እነዚህ ወላጆች በየቢሮው በር ላይ ቆመው ነበር። የመጀመሪያው ልጅ ሲጠፋ ከማን ጋር እንደነበር ተናግረዋል፤ ቤቱንም አመልክተዋል። ወንዙ ከመመስከሩ ከስድስት ዓመት በፊት የመሰከሩ ሰዎች ነበሩ፤ የታጣው ሰሚ ነው።